0.18 ወጣ፤ ኮርሶቹን እናስወጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ካሪኩለማችን ሊከለስ ስለሆነ የኮርሶቻችንን ዝርዝር ከ320 የሥራ ማስታወቂያዎች ጋር በኮምፒውተር አወዳደርኩ። ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ 0.18 ሆነ። ባልደረቦቼ «በቃ፣ የምናስተምረው ለገበያው አይሆንም» አሉ። አሁን የትኛው ኮርስ ይውጣ የሚል ክርክር ላይ ነን። እውነት ቁጥሩ እንደዚያ ይላል? ከሁለቱም ወገን ናሙና ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አንድም ኮርስ እንዳታስወጡ። 0.18 የሚነግርሽ ሁለቱ ጽሑፎች የሚጋሯቸው ቃላት ጥቂት መሆናቸውን ነው። ተማሪዎችሽ ሥራውን አይችሉትም አላለም።

ፕሮግራምሽ ቲኤፍ-አይዲኤፍ በሚባለው ስሌት የሠራ ይመስለኛል። አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲደጋገም ክብደቱ ይጨምራል፤ በሁሉም ጽሑፎች ውስጥ ካለ ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ካረን ስፓርክ ጆንስ ናት። እስከ ዛሬ የሚሠራ ግሩም ሐሳብ ነው። ግን ቃሉን እንጂ ትርጉሙን አያይም።

እስቲ ከላክሽልኝ ሁለት መስመር ጎን ለጎን እንይ። የኮርሱ ዝርዝር «የፋይናንስ መግለጫዎች አዘገጃጀት ጽንሰ ሐሳብና መርሆዎች» ይላል። ማስታወቂያው «በየወሩ ሂሳብ የሚዘጋ፣ ከባንክ ጋር የሚያስታርቅ» ይላል። አንድም የጋራ ቃል የላቸውም፤ ለማሽኑ ዜሮ ነው። አንቺና እኔ ግን ሁለተኛውን ለመሥራት የመጀመሪያውን መማር እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ኮርስ የሚጻፈው በርዕስ ነው። ማስታወቂያ የሚጻፈው በሥራና በመሣሪያ ስም ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ማስታወቂያ «ሂሳብ» ሲል ሌላው «ሒሳብ» ይላል። በዚያ ላይ «በሂሳብ»፣ «የሂሳብ»፣ «ሂሳቡን» ሲጨመሩ አንዱ ቃል አምስት ሆነ። ከማወዳደርሽ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ አምጪያቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ከቃሉ ፊትና ኋላ የተለጠፉትንም አንሺላቸው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ስሠራ ከማስታወቂያዎቹ ከላይ የወጡት ቃላት «አመልካቾች»፣ «ማስረጃ» እና «በአካል» ነበሩ። እነሱን አጸዳሁ። አንድ ማስታወቂያ 9 ጊዜ መለጠፉን ግን ሳላይ 9 ቀጣሪ አድርጌ ቆጠርኩት። የአንድ ሶፍትዌር ስም የገበያው ሁሉ ጥያቄ መስሎኝ ለኮሚቴ አቀረብኩ። ስህተቱን ያገኘችው ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ያነበበች ተማሪ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ ለአንድ ድርጅት ፍላጎት ሙሉ ኮርስ እንቀርጽ ነበር። ስለዚህ ድግግሞሹን አደራ።

ከዚያ ሁለቱን በቀጥታ አታወዳድሪ፤ መሃል ላይ የክህሎት ዝርዝር አስገቢ። የአውሮፓ ኅብረት ያዘጋጀው ኤስኮ የሚባል መዝገብ ከ13,000 በላይ ክህሎቶች አሉት፤ በነፃ ይወርዳል። አማርኛ ስለሌለው ለሙያችሁ የሚሆነውን መርጣችሁ ተርጉሙ። ከዚያ እያንዳንዱን የኮርስ መስመርና እያንዳንዱን የማስታወቂያ መስመር ከክህሎት ጋር አዛምጂ። ለማዛመድ ቃል ቆጣሪውን ሳይሆን በትርጉም የሚያቀራርቡትን፣ እንደ ሰንተንስ-በርት ያሉትን ሞዴሎች ሞክሪ። በአማርኛ ገና ደካማ ስለሆኑ ውጤቱን በዓይንሽ ሳታዪ አትመኚው።

መጨረሻ ላይ ሦስት ክምር ይወጣልሻል። ሁለቱም ጋ ያለው አያስጨንቅም። ማስታወቂያ ላይ ብቻ ያለውን ይዘሽ ወደ መምህራኑ ሂጂ። ኤክሴል በየማስታወቂያው እየተጠየቀ ኮርሶቹ ላይ ስሙ ካልተነሳ፣ ምናልባት በኮምፒውተር ላቦራቶሪ እየተሰጠ ያልተጻፈ ነው። ያኔ የሚታረመው ወረቀቱ ነው። በእርግጥ የማይሰጥ ከሆነ ግን ክፍተቱን አገኘሽ ማለት ነው።

ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ ኮርስ ላይ ብቻ ያለውን። ባልደረቦችሽ ይውጣ የሚሉት እሱን ነው። ቀጣሪ ግን መቼም የታወቀ ነው ብሎ የሚያስበውን አይጽፍም። «ዴቢትና ክሬዲት የሚለይ» የሚል የአካውንታንት ማስታወቂያ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ማስታወቂያ ደግሞ የዛሬን ነው የሚናገረው። ዛሬ የገባው ተማሪ የሚመረቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በማስታወቂያ የማይወጣ የሥራ ቦታም ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ ክምር አንድ ኮርስ ከመነሳቱ በፊት ተመርቀው ሥራ ላይ ያሉትን ጠይቂ፤ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ሥራ እንደጠቀማቸው ይንገሩሽ።

ለዚህ ሳምንት ግን 50 ማስታወቂያ አትሚ። አንቺና አንዱ ተከራካሪ ባልደረባሽ ለየብቻ ቁጭ ብላችሁ ክህሎቶቹን በእስክሪብቶ አስምሩ። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተያዩ። ያልተስማማችሁባቸውን መስመሮች ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።