ለአባትሽ የዲኤንኤ መመርመሪያ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ አባትሽ አማራ ይሁኑ ኦሮሞ ምርመራው ይለያል ወይ፣ ለልደታቸው ብገዛላቸውስ ምን ችግር አለው ብለሻል።

የመጀመሪያው አጭር ነው፦ አይለይም። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው የአሜሪካ የዲኤንኤ መርማሪ ድርጅት ለምሳሌ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ብሎ በአንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሰባት ቤት ለመቁጠር አያትሽን ጠይቂ፤ እሳቸው ከምራቅ ምርመራ ይሻላሉ።

ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ምርመራው የሥጋ ዘመድም ይዘረዝራል። እናትሽ ቡና እየቆሉ፣ የአባትሽ ስልክ ላይ ዲኤንኤያቸውን «50 በመቶ የሚጋራ» የማታውቁት ሰው ብቅ ቢል ልጃቸው ሊሆን ይችላል። 25 በመቶ ከሆነ ደግሞ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኝ ወንድም፣ አጎት፣ የወንድም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ብቻውን አይነግርሽም። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2018 እ.ኤ.አ. ከመከልከሏ በፊት አሜሪካ የገቡ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ቤተሰባቸውን በዚሁ መንገድ ይፈልጋሉ። መብታቸው ነው፣ እኔም ብሆን እፈልግ ነበር። ግን ያ ልጅ መልእክት ቢልክ ማን ይመልስለታል? ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መረጃውም ያሳስባል። ይኸው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በ2023 ተጠልፎ የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጥቷል፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ሄዷል። የእሳቸው ውጤት ደግሞ ያንቺንም ዲኤንኤ ግማሽ ያሳያል።

ድንገተኛ ስጦታ አታድርጊው። አስረድተሻቸው እሺ ካሉ ግዢ፣ «ዘመድ አሳይ» የሚለውን ግን መጀመሪያ ዝጊው።