«ሌባ» ብዬ ስለለጠፍኩ ልከሰስ ነው?

ጥያቄ፦ ለሶፋ 20 ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬ ስድስት ወር ሆነኝ። ሶፋውም የለም፣ ብሩም የለም። ተናድጄ የሠሪውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩና «ይሄ ሌባ ነው፣ እንዳትሸወዱ» አልኩ። አሁን በስም ማጥፋት እከስሻለሁ የሚል ደብዳቤ በጠበቃው ላከልኝ። እውነቱን ተናግሬ እንዴት እከሰሳለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ግን መክሰስ ይችላል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2047 መሠረት፣ የተናገሩት ነገር እውነት መሆኑን ካስረዱ፣ ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ብለው ካላደረጉት በቀር አይጠየቁም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ ማስረዳት የሚችሉት ብር መቀበሉንና ሶፋውን አለማስረከቡን ነው። ይህ ደግሞ በራሱ የውል ጥሰት እንጂ ሌብነት አይደለም። «ቀብድ ወስዶ በስድስት ወር አላስረከበኝም» ብለው ከነደረሰኙ ለጥፈው ቢሆን ኖሮ ብዙም አልሰጋም ነበር።

በወንጀልም መንገድ አለው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨትን እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። የሚታየው በግል አቤቱታ ነው፤ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ካመለከተ ብቻ። አቤቱታውም ጉዳዩን ካወቀ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የፍትሐ ብሔሩን ክስ ግን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ማቅረብ ይችላል። የሕሊና ጉዳት ካሳው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፣ ሕጉ የ1952 ነዋ! የሚያሰጋው «ደንበኛ ቀረብኝ» ብሎ የሚጠይቀው ኪሳራ ነው። እሱን ግን በማስረጃ ማሳየት የራሱ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ልጥፉን ከነቀኑና ከነኮመንቱ ስክሪንሾት ያንሱና ያስቀምጡ፤ ከዚያ ያውርዱት። ኮመንት ላይ እሰጥ አገባ አይግጠሙ። ለደብዳቤው መልስ በጽሑፍ ይስጡ፣ ቢቻል በጠበቃ።

እሱ ያልነገረዎትን ደግሞ እኔ ልንገርዎ። በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የተወ ሰው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? እሱን አይተው ይምጡ፤ ቀብድ ከሆነ 40 ሺህ ብር የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት።