ድንጉላው በየሳምንቱ ሲመጣ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ ጋሪ ፈረሶች ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እርባታ ናቸው። ዛሬ አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ለማታውቁት፦ ድንጉላ ለዘር የሚያገለግል ወንድ ፈረስ፣ ባዝራ ሴቷ ናት፤ ማስጠቃት ደግሞ ሁለቱን ለእርባታ ማገናኘት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ጥሩ ድንጉላ ነበራቸው። ጎረቤት ባዝራውን እያመጣ ያስጠቃ ነበር። ውርንጭላ ሲወለድለት ገብስ ይዞ ይመጣል። ፈረንጆቹ ትራክተር ሳይኖራቸው በፊት እንዴት ያደርጉ ነበር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ባዝራዋ ወደ ድንጉላው አትሄድም። ድንጉላው ነው በእግሩ እሷ ዘንድ የሚመጣው።

ጸደይ ሲገባ አንድ ሰው ድንጉላውን በልጓም ይዞ ይነሳል። ፈረሱ ታጥቦ፣ ጋማውና ጅራቱ ተጎንጉኖ፣ በሪባን አጊጦ ነው የሚወጣው። ሰኞ አንድ መንደር፣ ማክሰኞ ሌላ መንደር፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ቤቱ ይመለሳል። ማታ መንገድ ላይ ባለ ማረፊያ ያድራሉ። የሚያልፍበት መስመርና ቀን በካርድ ታትሞ ቀድሞ ስለሚታደል ገበሬው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። በሚቀጥለው ሰኞ ያው ጉዞ እንደገና ይጀመራል።

ይህ የሳምንት ዙር ከባዝራ ተፈጥሮ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ በሉ። ባዝራ ካላረገዘች በየ21 ቀኑ ገደማ ድንጉላ ትፈልጋለች። ፍላጎቷ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚመጣ ድንጉላ ብዙ ጊዜ አያመልጣትም። መጀመሪያ በጠንካራ አጥር ወዲያና ወዲህ ያገናኟቸዋል። ከፈለገችው ዝም ብላ ትቆማለች። ካልፈለገችው ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ትራገጣለች። ከተጠቃች በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ድንጉላው ሲመለስ ከተራገጠች አርግዛለች ተብሎ ይገመታል። አልትራሳውንድ በሌለበት ዘመን ምርመራው ይኸው ነበር።

በስኮትላንድ ደግሞ በጣም የምወደው አሠራር ነበር። የአንድ አካባቢ ገበሬዎች ማኅበር ያቋቁማሉ። ከዚያ ወኪሎቻቸው በየዓመቱ ግላስጎው በሚደረገው የድንጉላ ትርዒት ይገኛሉ። ፈረሶቹን አገላብጠው አይተው አንዱን ለወቅቱ ይከራያሉ። ለባለቤቱም ይህን ያህል ባዝራ እናቀርባለን ብለው ዋስትና ይሰጣሉ። የዚህ ዓይነት የኪራይ ውል ከ1837 ጀምሮ ይታወቃል። ክላይድስዴል የሚባለው የስኮትላንድ ግዙፍ የሥራ ፈረስ ዝርያ ማኅበር ራሱ የተመሠረተው ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ በ1877 ነው። እስቲ አስቡት፦ ሁለት ባዝራ ብቻ ያለው ገበሬ እንዲህ ያለ ድንጉላ በዕድሜው ሙሉ ቢያጠራቅም አይገዛም። ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ግን የአገሩን ምርጥ ድንጉላ ደጁ ድረስ አስመጣ። እነዚያን ግዙፍ ፈረሶች የፈጠረው የሀብታም በረት ብቻ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። የትንሹ ገበሬ ባዝራ ጥሩ ድንጉላ ባታገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ማሳ በምን ይታረስ ነበር?

የአያትዎ ገብስ ከዚህ ሥርዓት ብዙም አይርቅም። የሚቀጥለውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ባዝራዋ ባታረግዝስ? ገንዘቡ ይመለሳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንደ ውሉ ነው። በአሜሪካ ገጠር ሦስት ዓይነት ክፍያ የተለመደ ነበር። አንደኛው ለአንድ ጊዜ ጥቂት ብር ነው። ባታረግዝም አይመለስም። ሁለተኛው የወቅት ክፍያ ነው። ወቅቱ እስኪያልቅ ደጋግመህ ማምጣት ትችላለህ። ሦስተኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሚከፈለው ግን ውርንጭላው ተወልዶ፣ ቆሞ ሲጠባ ነው። ከደብረ ብርሃን የጻፉልኝ ሰው አያት ገብስ ማለት ይህ ነው!

ሦስተኛው ለገበሬው የተሻለ ይመስለኛል። ባለ ድንጉላውም ስለ ፈረሱ ጤና እንዲጨነቅ ያደርገዋል። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ባዝራዋን በመሃል ከሸጥካት ክፍያው ወዲያው ይጠየቃል። በብዙ ግዛቶች ደግሞ ዋጋው እስኪከፈል ድረስ ውርንጭላው በሕግ መያዣ ነበር።

ጥያቄ፦ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ትራክ እነዳለሁ። አሚሾች (በእምነታቸው ምክንያት በትራክተር ፈንታ በፈረስ የሚያርሱ ክርስቲያን ገበሬዎች) የሚያርሱባቸውን ፈረሶች ሳይ እደነግጣለሁ፣ ዝሆን ነው የሚያክሉት። ከነዚህ አንዱን ድንጉላ ከኛ አገር ትንሽ ባዝራ ጋር ቢያገናኙት ውርንጭላው አይገድላትም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ያየሃቸው የቤልጂየም ዝርያ ከሆኑ 900 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። የኛ አገር ፈረስ ሦስቱ ተደምረው አንዱን ላያህሉ ይችላሉ።

የአንተን ጥያቄ በ1930ዎቹ ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ፈትሸውታል። ግዙፉን ሻየርና ድንክዬውን ሼትላንድ አዳቀሉ። ያዳቀሉት በሰው ሠራሽ ዘዴ ነው። አንዴ እናት ሻየር፣ አንዴ እናት ሼትላንድ አደረጉ። የዘር ድብልቁ በሁለቱም በኩል ግማሽ ለግማሽ ነው። ግን ከሻየር እናት የተወለደው ውርንጭላ ከሼትላንድ እናት ከተወለደው በክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ሼትላንዷም በደህና ወለደች። የእናት ማሕፀን ልጁን በራሷ ልክ ይመጥነዋል ማለት ነው። ካደጉ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም።

ይህን ማንሳት የምወደው ሰው ባዝራዋን ስለሚረሳት ነው። አንድ ጎልማሳ ድንጉላ በአንድ ወቅት 80 እና ከዚያ በላይ ባዝራ ሊያጠቃ ይችላል። ባዝራ ግን በዓመት አንድ ብትወልድ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚቀረው የድንጉላው ነው። ሰፎክ የሚባሉት የእንግሊዝ ፈረሶች ሁሉ የወንድ ዘራቸው የሚመዘዘው በ1768 ከተወለደ አንድ ድንጉላ ነው። የፈረንሳዮቹ ፐርሽሮኖች ደግሞ በ1823 ከተወለደው ዣን ለ ብላን ነው። የእናቶቹን ስም ማን ያውቃል? የ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ አርቢ ሮበርት ቤክዌል ግን የጭነት ፈረሶቹን ለማሻሻል ከሆላንድ ባዝራዎች አስመጥቷል። ነገሩ ገብቶታል።

ጥያቄ፦ እኛ ለምን በፈረስ አናርስም? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሌላም ምክንያት ይኖራል፣ እኔ ግን ከዕቃው እጀምራለሁ። ቀንበራችን ለበሬ የተሠራ ነው። በሬው በሻኛው ይገፋል። ፈረስ ሻኛ የለውም። ጉልበቱ ደረቱና ትከሻው ላይ ነው። የበሬ ቀንበር ብታስሩበት አንገቱን ይጎዳዋል። አውሮፓውያን በፈረስ አጥብቀው ማረስ የቻሉት ትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ ውስጡ የተሞላ የአንገት መጎተቻ ካገኙ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ መኖው አለ። በሬ በጭድ ይከርማል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያርስ ፈረስ ግን እህል ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እባክህ መልስልኝ። ድንጉላችንን መንደሩ ሁሉ ይጠቀምበታል። አሁን የብልቱ አካባቢ አብጧል፣ እየከሳ ነው፣ የኋላ እግሩም ይደክመዋል። ጎረቤት አንዲት ባዝራም እንደሱ ሆናለች። (ከአርሲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደነገጥኩ። ፈረሱን ሳላይ ይህ ነው ማለት አልችልም። የገለጽካቸው ምልክቶች ግን ዶሪን ከሚባለው በሽታ ጋር ይመሳሰላሉ። ዶሪን በጥቂ ነው የሚተላለፈው፣ እንደ ገንዲ ያሉ ዘመዶቹ በዝንብ ንክሻ አይደለም። በአርሲና በባሌ ደጋ መኖሩ ይታወቃል። ክትባት የለውም።

በሽታው ሀብታም አገሮችንም አስለቅሷል። በ1880ዎቹ ከፈረንሳይ ከመጣ ድንጉላ ጋር አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ገባ። እንግዲህ ከመንደር መንደር የሚዞር ጥሩ ድንጉላ ጥሩ ዘር እንደሚያደርስ ሁሉ፣ የታመመ ከሆነ በሽታውንም በየደጁ ያደርሳል። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን በ1905 ለሕዝብ አገልግሎት የሚቀርብ ድንጉላ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ሕግ አወጣች። ፈቃዱ ባዝራዎች በሚመጡበት ቦታ ይለጠፋል። ብሪታንያም በ1918 ተከተለች። ተዟዟሪ ድንጉላ ያለ ሐኪም ምርመራና ፈቃድ አይወጣም ተባለ። ትንፋሹ የሚያፏጭ፣ ዓይኑ ሞራ ያለበት፣ ከሰኮናው በላይ አጥንት ያበቀለ ፈረስ ይከለከል ነበር፤ ልጆቹም ይወርሱታል ተብሎ ስለሚፈራ።

አሁን አንተ ነገ ዛሬ ሳትል ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሂድ። ደም ወስደው እንዲመረምሩ ጠይቅ። ድንጉላው ባለፉት ወራት የትኞቹን ባዝራዎች እንዳጠቃ የምታስታውሰውን ሁሉ ጽፈህ ስጣቸው፣ እነሱም መታየት አለባቸው። ጎረቤትህም ባዝራውን ሌላ መንደር ወስዶ እንዳያስጠቃ ንገረው። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ድንጉላውን ለብቻው እሰረው፣ ባዝራ ይዞ የሚመጣውንም እንቢ በለው። ቅር ቢለውም እንቢ በለው።