ፖሊስ ሬዲዮውን ትቶ ስልክ የሚያነሳው ለምንድን ነው? ጥያቄና መልስ

ለ26 ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ጠግኛለሁ፤ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ልናገር፦ ሬዲዮ በአንቴናው ተይዞ አይነሳም።

የሜክሲኮዋ፦ ጋሼ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ያሉት ፖሊሶች ሬዲዮው ወገባቸው ላይ እያለ በስልክ ያወራሉ። ለምን?

መልስ፦ ስልክ ፎቶ ይልካል፣ ታርጋ በጽሑፍ ያደርሳል፣ ቦታ በካርታ ያሳያል። ተራ ሬዲዮ ላይ ደግሞ የተባለውን በዚያ ቻናል ያለ ሁሉ ይሰማዋል፤ የተጎጂ ስም እንዴት ይነገርበታል? ሌላው ሕንፃ ነው። ሞገድ ኮንክሪትና ብረት ሲያገኘው ይደክማል። የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻውን 209 ሜትር ነው። ከምድር ቤት መኪና ማቆሚያ የምትጣራ ሬዲዮ፣ ድምፅዋን ተቀብሎ አጉልቶ የሚያሳልፍ ሪፒተር ካልደረሰላት ማንም አይሰማትም።

ቢኒ፦ ሬዲዮ ጥሩ ነው መጥፎ?

መልስ፦ የምን ሬዲዮ? ለምን ሥራ? አስተካክለህ ጠይቅ።

አራዳ፦ እና ሬዲዮ አበቃለት?

መልስ፦ በፍጹም! የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ሆናችሁ ደውላችሁ ታውቃላችሁ? ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል። ሬዲዮ የራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው፤ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ በአጭር ርቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሠራል። ቁልፉን ተጭኖ አንዱ ሲናገር ሃምሳው ይሰማል። ለሃምሳ ሰው በየተራ ደውላችሁ እስክትጨርሱ ሌባው የት ደርሷል? መደመጥ የሚያሳስበው እንደ ቴትራ ያለ፣ ለፖሊስና ለመሰል ሥራ የተሠራ ዲጂታል ሬዲዮ ይያዝ፤ ንግግሩን መመስጠር ይችላል።

ሰላም፦ እኔ ደመራ ላይ ደውዬ ሠርቷል።

አራዳ፦ የት ቆመሽ?

ሰላም፦ ስታዲየም ጋ።

አራዳ፦ እሱማ ከግፊያው ወጥተሻል!

ሰላም፦ ከሕዝቡ መሀል ነበርኩ እኮ!

መልስ፦ ተዉት፣ ወደ ሬዲዮው እንመለስ።

ቢኒ፦ መርካቶ ያየሁት ርካሽ ሬዲዮ የፖሊስ ቻናል ይይዛል?

መልስ፦ አይሞከርም። ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ዳኒ፦ ፖሊስ ለምን ስልክ ይጠቀማል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ አንብብ።

የሜክሲኮዋ፦ ስለ አንቴናው ያሉት ግን ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ ልጄ። አንድ ሬዲዮ «ስንናገርበት ማንም አይሰማንም» ተብሎ መጣልኝ። አንቴናው ከሥሩ ላልቶ ይወዛወዛል፤ ሁልጊዜ እሱን ይዘው ነበር የሚያነሱት። ስከፍተው ሞገዱን የሚያጎላው ትራንዚስተር ተቃጥሏል፤ አንቴናው ሳይገናኝ ቁልፉ ሲጫን ኃይሉ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ባለቤቱ ወራቱን ሁሉ በስልክ ነበር የሠራው። ትራንዚስተሩንም አንቴናውንም ቀየርኩለት፤ በማግስቱ ከፒያሳ ጠራኝ፣ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።