ከእኩዮችሽ ጋር ከመወዳደርሽ በፊት ድድሽን አስለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዕድሜሽ 41 ነው። አራት ጥርስ አስሞልተሻል፣ ሁለት መንጋጋ አስነቅለሻል፣ ሌላ አንድ ጥርስሽ ደግሞ ተበልቶ ስለነበር ክራውን (እንደ ቆብ የሚደፋ ሰው ሠራሽ ሽፋን) ገብቶለታል። እኩያሽ የሆነች የሥራ ባልደረባሽ ግን አንድም ሙሌት የላትም፣ ጥርሷም ነጭ በነጭ ነው። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ?» ብለሻል። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ስትቦርሺ ድድሽ እንደሚደማ ጣል አድርገሻል። እኔን ያሳሰበችኝ እሷ መጨረሻዋ ናት። ግን በቅድሚያ የጠየቅሽውን ልመልስ።

ሐኪም አይደለሁም። የጥርስ ሐኪም አጠገብ ቆሜ፣ ዕቃ እያቀበልኩና ምራቅ እየሳብኩ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚላት ነገር አለች፦ «እንደኔ የባሰበት መቼም አይታችሁ አታውቁም።» ሽማግሌውም ወጣቱም ይላታል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አይተናል። ያውም በዚያው ቀን ጠዋት።

ሐኪሞች የአንዱን አገር አዋቂ ከሌላው ሲያወዳድሩ ሦስት ነገር ይደምራሉ፦ የተበላ፣ በመበላቱ የተነቀለና የተሞላ ጥርስ። ያንቺ 4 ሙሌት፣ 2 የተነቀለና 1 ክራውን ሲደመር 7 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉትን ለብቻ ያያቸዋል። በሱ መመዘኛ የአንድ ሕዝብ አማካይ ከ5 እስከ 8.9 ከሆነ «ዝቅተኛ» ይባላል፣ ከ9 እስከ 13.9 «መካከለኛ»፣ ከዚያ በላይ «ከፍተኛ»። መመዘኛው ለሕዝብ እንጂ ለአንድ ሰው የተሠራ አይደለም። ቢሆንም የት አካባቢ እንዳለሽ ያሳይሻል፤ 7 የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። በአሜሪካ በተደረገ ብሔራዊ ጥናት ከ20 እስከ 64 ዓመት ካሉት አዋቂዎች ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ቋሚ ጥርሳቸው ተበልቶ ያውቃል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም። ባልደረባሽ ናት ብርቋ።

እሷም ብርቅ ከሆነች ነው። ሙሌት የሌለው ሰው ሁሉ የተበላ ጥርስ የለውም ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው ማን ይሞላለታል? በሁለት ጥርሶች መካከል የሚጀምር መቦርቦር ደግሞ በመስታወት አይታይም፣ ራጅ ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ። አንዱ ሐኪም ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሲያይ ይሞላል፣ ሌላው «ትቆይና እንከታተላት» ይላል። አንድ ዓይነት አፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ቁጥር ይዘው የሚወጡት በዚህም ምክንያት ነው። ይሄ ድምር በዚያ ላይ አንዴ ከወጣ አይወርድም። የ20 ዓመት ልጅ ሆነሽ የተሞላልሽ ጥርስ ዛሬም ይቆጠርብሻል። ስለዚህ ያለፈውን ታሪክሽን እንጂ የዛሬ ጤናሽን አይነግርሽም።

ንጣቱን ተዪው። ከላይ ያለው የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜል፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው የጥርስ አካል በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ከዕድሜ ጋር ኢናሜሉ እየሳሳ ሲሄድ ቢጫው ይጎላል። ነጭ ሆኖ የታመመ ጥርስም፣ ቢጫ ሆኖ እንደ አለት የጠነከረም ሞልቷል።

አሁን ወደ ደሙ። ጤነኛ ድድ በብሩሽ አይደማም። የሚደማው ብዙ ጊዜ የጥርሱ አንገት ላይ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ድዱን ስላስቆጣው ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ካለ በጽዳት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ከጀመረ ግን የሄደው አጥንት በራሱ አይመለስም። አያምም ደግሞ፣ ክፋቱ እሱ ነው። በዚያው በአሜሪካ 30 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከ10 4ቱ ገደማ ይሄ አጥንት ድረስ የዘለቀው የድድ ሕመም በተወሰነ ደረጃ አለባቸው። አዋቂ ሰው ጥርሱን የሚያጣው በመበላት ብቻ እንዳይመስልሽ።

ከሃምሳ ያለፈ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። አንድም ሙሌት የለውም፣ ጥርስ አሞኝ አያውቅም ይላል። የመጣው የፊት ጥርሱ ስለተነቃነቀ ነው። ሲጋራ ያጨስ ነበር። ሲጋራ የድድን ደም ስለሚቀንሰው ማስጠንቀቂያው እንኳ አይታይም። በድምሩ ቢለካ ዜሮ ነበር፣ ካንቺ እጅግ የተሻለ። ግን ያንቺን አፍ በሱ አልቀይርልሽም።

ድድ የሚለካው ሚሊሜትር በተሰመረበት ቀጭን ዘንግ ነው። የሚለካውም የድድ ኪስ፣ ማለትም በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ጥልቀት ነው። ሐኪሙ በየጥርሱ ዙሪያ ስድስት ቦታ እየነካ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት…» እስከ 3 ድረስ ጥሩ ነው። 4 ከሆነ ክትትል ይፈልጋል። 5 እና 6 ሲጠራ ታካሚው ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ዓይኑ ወደኔ ይዞራል። ሰው ከባዱ ነገር ሲመጣ ያውቀዋል።

ስለዚህ ስትሄጂ «ጥርሴን እጠቡልኝ» ብለሽ ብቻ አትመለሽ። የድድ ኪሱ እንዲለካ ጠይቂ፣ ቁጥሮቹንም ፎቶ አንሺ። በሚቀጥለው ዓመት ከባልደረባሽ ጋር ሳይሆን ከዚያ ፎቶ ጋር ተወዳደሪ። 3 የነበረው 5 ከሆነ የእኩዮችሽ አማካይ ምንም ቢሆን አይጠቅምሽም።

እስከዚያው ብዙ ሰው የሚያደርገውን አታድርጊ። ሲደማ አይተው ያንን ቦታ ትተው ይቦርሻሉ። ተቃራኒው ነው የሚሻለው፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀስታ፣ እዚያው ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት ላይ። በጥርሶቹ መካከል ደግሞ ክር ወይም ትንንሿን የመካከል ብሩሽ ተጠቀሚ። መጀመሪያ ሰሞን ደሙ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ቀጠሮ ያዢ። ስኳር ካለብሽ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰድሽ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ ለሐኪሙም መጀመሪያ ይሄን ንገሪው። የቀረውን ታውቂዋለሽ፦ በቀን ሁለቴ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ከዚያ መትፋት እንጂ በውኃ አለመጉመጥመጥ።

ስለተነቀሉት ሁለቱ ብዙ አትጨነቂ። በ1989 ጃፓን የጀመረችው ዘመቻ ሰዎች 80 ዓመት ሲሞላቸው 20 ጥርስ እንዲቀራቸው ነበር ግቡ። በ20 ጥርስ ደህና አድርጎ ማኘክ ይቻላል ተብሎ ነው። አንቺ ከዚያ በላይ አለሽ። የተነቀሉበት ቦታ ክፍት ከሆነ ግን የጎን ጥርሶች ወደዚያ እንዳያዘነብሉ፣ ከላይ ወይም ከታች ያለው ጥርስም እንዳይረዝም ሐኪሙ ይይልሽ።

አንድ ነገር ግን ሳትነግሪን ቀረሽ። የሚደማው ሁሉም ቦታ ነው ወይስ አንድ ቦታ? ክራውኑ አካባቢ ብቻ ከሆነ ምናልባት ጠርዙ ከጥርሱ ጋር በደንብ አልገጠመም፣ ቆሻሻ እዚያ ይይዛል። ይሄ ከሆነ የቱንም ያህል ብትቦርሺ ላይለቅሽ ስለሚችል፣ ክራውኑን ለብቻው እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ዛሬ ማታ ስትቦርሺ ልብ ብለሽ እይውና ጻፊልን።