መልስ፦ የሞቱትን የሚያስታውስ የጀግኖች ፊልም

«ከተማ ሲያፈርሱ ስለሚሞቱት ሰዎች ግድ የሚለው የጀግኖች ፊልም የለም ወይ?» ላልከው፣ አለ እንጂ! በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» እይ። አንዲት እናት ቶኒ ስታርክን (አይረን ማንን) ሊፍት አጠገብ ታገኘውና ጀግኖቹ ሶኮቪያ በምትባል የፈጠራ አገር ባደረጉት ውጊያ የሞተውን የልጇን ፎቶ ደረቱ ላይ ትለጥፍበታለች። «ገደልከው» ስትለው የሚመልሰው ያጣል። ለእኔ ጀግኖቹ እርስ በርስ ከሚያደርጉት የኤርፖርት ፍልሚያ ሁሉ ይህ አጭር ትዕይንት ይበልጣል። የፊልሙ ክፉ ሰው ዜሞም ቢሆን ዓለምን ልግዛ ባይ አይደለም፤ አባቱን፣ ሚስቱንና ልጁን እዚያው ያጣ ሰው ነው (ሥራውን ባልደግፍም ሐዘኑ ይገባኛል)። ቅር የሚለኝ፣ ፊልሙ ወደ መጨረሻው ነገሩን የጓደኛሞች ጠብ አድርጎ እናትየዋን መርሳቱ ነው። «ባትማን ቪ ሱፐርማን»ንም ሞክረው፤ መጀመሪያው ላይ ሰማይ ላይ የሚካሄደውን ድብድብ ከታች፣ አቧራው ውስጥ ከሚሮጠው ብሩስ ዌይን (ባትማን) ጋር ሆነህ ታየዋለህ።