ጥያቄና መልስ፦ ጎንደር ነፃ የወጣችበት 1934 ዓ.ም.

ኅዳር በመጣ ቁጥር ስለ 1934 ዓ.ም. ጥያቄ ይበዛል። የተወሰኑትን ልመልስ።

«የድል በዓል የምናከብረው ሚያዝያ 27 ነው። ታዲያ ጎንደር ከስድስት ወር በላይ ለምን ዘገየች?» (ከአዘዞ)

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። ጦርነቱ ግን ያን ዕለት አላለቀም። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ጦር ይዞ መሽጎ ነበር። መሬቱም ለተከላካይ የተመቸ ነው። በደባርቅ በኩል ከሊማሊሞ አናት ወልቀፊት አለ፤ በደብረ ታቦር በኩል ቁልቋል በር። ሁለቱን ሳያስለቅቁ መኪናና መድፍ ማሳለፍ ዘበት ነው። በዚያ ላይ ክረምት ገባ። የአገራችንን ጭቃ የሚያውቅ ሰው፣ በሐምሌ መድፍ እየጎተቱ ዳገት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ዝናቡ ሲያባራ ነገሩ ተለወጠ። ወልቀፊት መስከረም 18፣ በመስቀል ማግሥት ተለቀቀ። ቁልቋል በር ኅዳር 12፣ ሕዝቡ ሚካኤልን በሚያነግሥበት ቀን ወደቀ። በስድስተኛው ቀን፣ ኅዳር 18 ከሰዓት በኋላ፣ ናሲ እጁን ሰጠ። ከ20 ሺህ በላይ ወታደር ተማረከ። ሚያዝያ 27ን በቃሉ የሚያውቅ የጎንደር ልጅ ኅዳር 18ን አለማወቁ በጣም ያሳዝነኛል። ትምህርት ቤቶቻችን ቀኑን ሊያነሱት ይገባል።

«አያቴ ጎንደርን ነፃ ያወጣው አርበኛ ነው ይላሉ። መጽሐፉ ግን እንግሊዝ ይላል። ማንን ልመን?» (ከማራኪ)

አያትህን እመን፤ መጽሐፉ ጎደሎ ነው እንጂ አልዋሸም። የመጨረሻውን ጥቃት የመራው የእንግሊዝ ጦር ነው። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ከኬንያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ነበሩ፤ እነሱም ሊረሱ አይገባም። አርበኛው ግን ጣሊያን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ ጀምሮ አላስተኛውም። በአርማጭሆ በኩል የአሞራው ውብነህ ስም ዛሬም ይነሳል። በየጥሻው የዋለው፣ ስንቅ ያቀበለው፣ ወሬ ያመላለሰው ገበሬ ደግሞ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። አያትህ ሳያመልጡህ ተቀምጠህ ጠይቃቸው፤ የሚነግሩህንም በስልክህ ቅዳ።

«የፈረንጅ መጻሕፍት ሁሉንም 1941 ይላሉ። የእኛ ለምን 1933 እና 1934 ሆነ?»

በመካከሉ መስከረም 1 ስላለፈ ነው። ሚያዝያ የአሮጌው ዓመት ነው፣ ኅዳር የአዲሱ።

«ፋሲል ግቢን ያፈረሰው ጦርነቱ ነው?» (ከአራዳ)

ብዙ ሰው ሁሉን ከሱዳን በመጣው ደርቡሽ ያሳብባል። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ግን በእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ተመትቷል። ጣሊያን ግቢውን ይጠቀምበት ነበርና። ከዚያ በፊት የመሬት መንቀጥቀጥም ጎድቶታል። ውስጡ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ጣራ የለም፤ ከግንቡ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። አስጎብኚዎች ይህን በግልጽ ቢናገሩ ደስ ይለኛል።

«ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ሕንፃዎች ለምን አይፈርሱም?»

አይፍረሱ። ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም ወራሪው ጎንደርን የአማራ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ለመኖር እንዳቀደ የሚመሰክሩ ናቸው። እቅዱ በኅዳር 18 ፈረሰ፤ ሕንፃዎቹን ግን እኛ እየተገለገልንባቸው ነው። በየበራቸው ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሠራቸው የሚገልጽ ሰሌዳ ይሰቀል። ከሥሩም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ይጻፍ።